ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ከተሻገርን በኋላ አዳዲስ ፕሮግራሞችንና ጌሞችን እንዴት እንሞክር?

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። በፒያሳ አካባቢ በአንድ አነስተኛ የጽሕፈትና የዲዛይን ቤት እሠራለሁ። ለሥራም ለቤትም የምጠቀምበት ላፕቶፕ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ደኅና የሚሠራ ኮምፒውተር ከመጣል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መለወጥ ይሻላል ብዬ ሊኑክስ ሚንት 22ን ጭኛለሁ።

ጭነቱ ያለ ችግር አልቋል፤ ዋይፋዩም፣ ድምፁም፣ ፕሪንተሩም ሌላ ድራይቨር ሳልፈልግላቸው ሠርተዋል። የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። የፕሮግራም ማከማቻውን በከፈትኩ ቁጥር ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ፕሮግራሞች ይደረደሩልኛል። አንዱ ለጽሑፍ፣ አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ለቪዲዮ የሚል መግለጫ አላቸው፤ የትኛው ለዕለት ሥራ እንደሚበቃ ግን ከመግለጫው ብቻ መለየት አልተቻለኝም። በዊንዶውስ ጊዜ ወርድ፣ ፎቶሾፕ፣ ኮረልድሮውና ፓወር ግዕዝ ሁላችንም እንጠቀም ስለነበር ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አማርኛው ነው። ለዓመታት የጻፍናቸው የደንበኞች ውሎች፣ ማመልከቻዎችና የጥሪ ካርዶች አሉ። አንዳንዶቹ ከሚንት ጋር በሚመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ በትክክል ይነበባሉ፤ ሌሎቹ ግን የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት የተደባለቀበት፣ ምንም የማይነበብ ጽሑፍ ሆነው ይወጣሉ። ምክንያቱንና መፍትሔውን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

በተጨማሪም ማታ ማታ ላፕቶፑን የሚጠቀምበት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የእግር ኳስና የስትራቴጂ ጌሞችን ይወዳል። ሊኑክስ ለጌም አይሆንም ሲባል ሰምቶ አዝኗልና፣ እውነቱን ብትነግሩን መልካም ነው። ኢንተርኔት የምንጠቀመው በሞባይል ጥቅል ስለሆነ፣ ብዙ ዳታ አውርዶ ከሞከሩ በኋላ አይሆንም ማለት ለእኛ ከባድ መሆኑንም አስቡልን።

የሰባራ ባቡሩ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡት ለመልስ ይመቻል። እኔም የምሠራው በተመሳሳይ ሙያ ስለሆነ በአማርኛው ልጀምር።

በአሮጌው ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ በኮምፒውተሩ ውስጥ አማርኛ ሆኖ አልተቀመጠም። እነዚያ ፕሮግራሞች የተሠሩት ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) የግዕዝ ፊደልን ከማካተቱ በፊት በነበረው አሠራር ነው፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ የላቲን ፊደላት የሚቀመጡበትን ቁጥር ወስዶ፣ በፎንቱ ውስጥ በዚያ ቁጥር ላይ የ«ሀ» ወይም የ«ለ»ን ሥዕል መሳል ነበር። ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ዓይን አማርኛ ያያል፤ ፎንቱ ሲጠፋ ግን ከሥር የነበረው የላቲን ምልክት ይገለጣል። ፊደላችን ከነዲቃላዎቹ፣ ከአኃዙና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር በአንድ ፎንት ውስጥ ከነበረው 256 ቦታ ስለማይበቃው፣ አንድን ቃል ለመጻፍ ሁለት ፎንት እየተፈራረቀ የሚገባበት ጊዜም ነበር። በትክክል የሚከፈቱልዎ ሰነዶች በዩኒኮድ የተጻፉት ናቸው፤ የማይነበቡት ደግሞ በአሮጌው ዘዴ የተጻፉት።

ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ፕሮግራም ከመሞከርዎ በፊት እነዚህን ሰነዶች ቢለዩ እመክራለሁ። አሮጌዎቹ ፎንቶች ያሉበት የዊንዶውስ ማሽን በቢሮም ሆነ በጓደኛ ዘንድ ካለ፣ ለመዝገብ ብቻ የሚቀመጡትን በዚያው ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጧቸው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ይነበባል። እየታረሙ ደጋግመው የሚታተሙትን፣ ለምሳሌ የውል ቅጾችን፣ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያስፈልጋል፤ ከተዛወሩ በኋላም ውሉን ከዋናው ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ግድ ነው፤ ምክንያቱም መለወጫው ዲቃላ ፊደላትንና ነጥቦችን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ፣ የውል ሰነድ ደግሞ ይህን አይታገስም። አሮጌውን የፎንት ፋይል ወደ ሊኑክሱ ወስዶ መጫንም ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ወዲያው ይነበባል። ይህ ግን ማየት ያስችላል እንጂ ሰነዱን አማርኛ አያደርገውም፤ መፈለግም ሆነ ወደ ቴሌግራም ገልብጦ መላክ አይቻልም።

ለአዲስ ጽሑፍ «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባለውን ጥቅል ጭነው «አማርኛ ሴራ» የሚለውን ቢመርጡ፣ የላቲኑን ሆሄ በድምፁ እየመቱ ይጽፋሉ። «ሰ» ለማለት ኤስንና ኢን፣ «ላ» ለማለት ኤልንና ኤን ይመታሉ፤ «ተ» በትንሹ ቲ ሲጻፍ «ጠ» ደግሞ ሺፍት ተይዞ በትልቁ ቲ ይጻፋል። ኪይማን የሚባለው ፕሮግራምም ለሊኑክስ አለ፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ ስላለው፣ በስልክዎም በላፕቶፕዎም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ከፈለጉ እሱ ይሻላል። ለፎንት አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ። ለሕትመት አቢሲኒካን እመርጣለሁ፤ የፊደሉ አጣጣል ከቆየው የብራና አጻጻፋችን ጋር ይቀራረባል።

ከወርድ የመጡ ሰነዶች በሊብሬኦፊስ ገጻቸው ከተዛባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፎንት መጉደል ነው። ካሊብሪ በሌለበት ማሽን ካርሊቶን፣ ካምብሪያ በሌለበት ካላዲያን ይጫኑ፤ የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከዋናዎቹ ጋር እኩል ሆኖ ስለተሠራ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ አይለወጥም።

ወደ ዲዛይኑ ስንመጣ ኢንክስኬፕን በኮረልድሮው ቦታ ይሞክሩት። የኮረልድሮው ፋይሎችንም በከፊል ይከፍታል፤ ውስብስብ የሆኑትን ግን ያዛባቸዋል። ለፎቶ ሥራ የሚያገለግለው ጂምፕ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ማጣሪያዎችን ዋናውን ሥዕል ሳይነካ መጨመርና መልሶ ማንሣት ያስችላል። ይሁን እንጂ ማተሚያ ቤት የሚጠይቀውን የአራት ቀለም ፋይል ለማውጣት ስክራይበስ የሚባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ቢለምዱ ይሻላል። ኢንክስኬፕ በስክሪን ቀለም የሚሠራ ስለሆነ፣ ባነርና ካርድ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊት በስክራይበስ ቢያሳልፉት የቀለም ልዩነቱ ይቀንስልዎታል።

ስለ ዳታው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በሚንት የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ አንደኛው የሲስተሙ ጥቅል፣ ሁለተኛው ፍላትፓክ የሚባለው ነው። ፍላትፓክ አዲስ ዕትም ያመጣል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ አብረውት የሚወርዱ መሠረታዊ ፋይሎች ስላሉ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ልትበላ ትችላለች። ለሙከራ ሁልጊዜ የሲስተሙን ጥቅል ይምረጡ፤ ፕሮግራሙን ከወደዱትና አዲሱ ዕትም ካስፈለገዎት ፍላትፓኩን ያን ጊዜ ያውርዱ። ከሙከራው በፊትም ታይምሺፍት በሚባለው የሚንት መሣሪያ የሲስተሙን ቅጂ ያስቀምጡ፤ የሞከሩት ነገር ሲስተሙን ቢያበላሽ ወደነበረበት ይመልስልዎታል። ታይምሺፍት በመደበኛ አሠራሩ የግል ሰነዶችዎን አይገለብጥም፤ እነሱን በውጭ ዲስክ ለብቻ ይያዙ።

የአምስት ኪሎ ተማሪ፦

ታላቅ ወንድማችን ስለ ሥራው የሚበቃውን ስላሉ፣ እኔ ስለ ጌሙ ልጻፍ። ለወንድምዎ በግልጽ መነገር ያለበትን አስቀድሜ ልናገር፤ ፊፋ 23 እና ከዚያ በኋላ የወጡት የኢኤ የእግር ኳስ ጌሞች በሊኑክስ አይሠሩም። ጌሞቹ ሲነሡ የሚጫነው የማጭበርበር መከላከያ እስከ ዊንዶውስ ከርነል፣ ማለትም እስከ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ድረስ ገብቶ ስለሚሠራ፣ ሊኑክስ ላይ የሚያገኘው ነገር የለም። ቫሎራንትና ፎርትናይትም እንዲሁ ናቸው። ይህ የሚቀረፈው ጌሙን የሠራው ድርጅት ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው በሴቲንግ የሚያስተካክለው አይደለም። ዩቲዩብ ላይ መፍትሔ አለን የሚሉ ቪዲዮዎችን ተከትሎ ጊዜውንና ዳታውን እንዳያባክን እለምነዋለሁ።

ከዚህ ውጭ ያለው ሁኔታ ግን ሰዎች ከሚያወሩት እጅግ የተሻለ ነው። ቫልቭ የተባለው የጌም ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2018 ፕሮቶን የተባለውን መሣሪያ ከጌም ማከማቻው ከስቲም ጋር አቅርቧል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረውና የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ የሚያስኬደው ዋይን ነው፤ በላዩ ላይ የዊንዶውስን የግራፊክስ ትእዛዝ (ዳይሬክትኤክስ) በሊኑክስ ወደሚሠራው ቩልካን የሚተረጉም ክፍል ተጨምሮበታል። በዚህ ምክንያት ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ጌሞች በሊኑክስ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቫልቭ ራሱ በሊኑክስ የሚሠራ የእጅ ኮምፒውተር፣ ስቲም ዴክን፣ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ደግሞ ጌም ሠሪዎች ለዚህ ጉዳይ ትኩረት መስጠት ጀምረዋል። ስቲምን ከጫነ በኋላ ፕሮቶን ለሁሉም ጌሞች የሚያገለግል መሆኑን በሴቲንግ ውስጥ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ከፍቶ ያረጋግጥ። ማንኛውንም ጌም ከማውረዱ በፊት ፕሮቶንዲቢ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ይፈልግ፤ ጌሙን በሊኑክስ የተጫወቱ ሰዎች የማሽናቸውን ዓይነት ጭምር እየጠቀሱ እንዴት እንደሠራላቸው ይጽፋሉ። እሱ ማንበብ ያለበት የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸውን ሰዎች አስተያየት ነው፤ ትልቅ የግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው «ያለ ችግር ይሠራል» ቢል ለእርስዎ ላፕቶፕ ማስረጃ አይሆንም።

ለስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከስቲም በፊት መሞከር ያለባቸው ለሊኑክስ በነፃ የተሠሩት ጌሞች ናቸው፤ ክፍያም፣ የውጭ አገር የክፍያ ካርድም አይጠይቁም። ወንድምዎ ስትራቴጂ የሚወድ ከሆነ ዜሮ ኤዲ የሚባለውን በመጀመሪያ ይጫን። ጥንታዊ መንግሥታትን እየገነቡ የሚዋጉበት ጌም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 23ኛ የአልፋ ዕትሙ የኩሽን መንግሥት ከነፒራሚዶቹ አካትቷል። አባይን ተከትሎ ከእኛ በታች የነበረን ሥልጣኔ፣ ከሮምና ከግሪክ እኩል ተሰልፎ በጌም ውስጥ ማየት እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ፤ ሠሪዎቹ ለሕንፃዎቹ አሠራር የሰጡት ጥንቃቄም ያስመሰግናቸዋል። ይህ ጌም ብዙ ወታደር በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ይከብዳል፤ ስለዚህ በትንሽ ካርታ፣ ከአንድ ተቃዋሚ ጋር ይጀምር፣ የጥላና የውኃ ጥራቱንም ይቀንስ።

ሱፐርታክስካርት የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ያለ ኢንተርኔት ከጎኑ ካለ ሰው ጋር ያጫውታል። ባትል ፎር ዌስኖዝ በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጌም ስለሆነ ለማሽኑ እጅግ ቀላል ነው፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ሲሆኑ የሚመረጠው እሱ ነው። ኦፕን ቲቲዲም አለ፤ ባቡርና አውቶቡስ እያደራጁ የሚጫወቱት ነው፤ ሲወርድም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው የሚወስደው።

ስቲምን ለመሞከር ከወሰነ ለዳታው የሚጠቅም ነገር ልንገረው። ስቲም ጌሞቹን በራሱ ጊዜ ያድሳል፤ «ሼደር» የሚባሉ የግራፊክስ ፋይሎችንም አስቀድሞ ያወርዳል። ሁለቱም «ዳውንሎድስ» በሚለው የሴቲንግ ክፍል ውስጥ ይስተካከላሉ፤ የሼደሩን ማውረጃ ማጥፋት፣ እድሳቱንም የሌሊት ጥቅል ወደሚገዛበት ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ጌሞቹን ዊንዶውስ ሲጠቀምበት በነበረ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ አያስቀምጥ፤ ፕሮቶን በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ እንቢ ይላል።

የሜክሲኮው ሒሳብ ሠራተኛ፦

የተሰጡት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም በአንድ ነገር ላይ መለየት እወዳለሁ። ሁሉም ሥራ ተተኪ ፕሮግራም የለውም። በዚህ ከተማ ውስጥ የብዙ ድርጅቶች ሒሳብ የሚያዘው በፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ ከበስተጀርባው ፐርቫሲቭ የተባለ የዳታቤዝ አገልግሎት በዊንዶውስ ላይ ማስነሣት ስላለበት፣ በዋይን ልትሞክረው ስትል አስተማማኝ አይሆንም። የደንበኛ ሒሳብ ለሙከራ የሚቀርብ ነገር አይደለም። አውቶካድ ለሚጠቀሙ መሐንዲሶችም ጉዳዩ ያው ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ዊንዶውስን ፈጽሞ ከማጥፋቱ በፊት በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ በሚያስነሣው በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ዊንዶውስ 10ን ጭኖ፣ የኔትወርክ ግንኙነቱን ዘግቶ፣ ለዚያ አንድ ሥራ ብቻ ቢያቆየው ይሻላል። ማሻሻያ የማያገኝ ሲስተም ከኢንተርኔት ከተለየ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ፎንቶቹ የተሰጠው ማብራሪያ ለዓመታት ግራ ሲያጋባኝ የኖረውን ነገር ግልጽ አድርጎልኛል። በዛሬው ዕለት የውል ቅጾቹን መለየት ጀምሬያለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አሮጌዎቹን ፎንቶች የያዘ የዊንዶውስ ማሽን በቢሯችን ስለሌለ፣ የቨርቹዋልቦክሱ ሐሳብ ለዚያም ያገለግል ይሆን? 8 ጊጋባይት ራምስ ይበቃዋል? ወንድሜ ደግሞ የፕሌይስቴሽን 4 መቆጣጠሪያ አለው፤ በሊኑክስ ይሠራለት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል።

የሰባራ ባቡሩ፦

ያገለግላል፤ እንዲያውም ለእርስዎ የሚሻለው መንገድ እሱ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ወንድማችንም በዚህ ረገድ ትክክል ናቸው። ከ8 ጊጋባይቱ 4ቱን ለዊንዶውሱ ይስጡት፤ በዚያን ሰዓት በሊኑክሱ በኩል ብሮውዘሩን ይዝጉ። ለዲስኩ 50 ጊጋባይት ይበቃል፤ ቦታውም እየሞላ ሲሄድ ብቻ የሚያዝ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አይወሰድብዎትም። ላፕቶፑ ሲነሣ ባዮሱ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው የቨርቹዋላይዜሽን ምርጫው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ካልተከፈተ ዊንዶውሱ ወይ አይነሣም ወይ እጅግ ይዘገያል። ከዚያ ፎንቶቹን በውስጡ ጭነው፣ ሰነዶቹን በጋራ ፎልደር አስገብተው፣ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ዩኒኮድ ይለውጧቸው። በመጀመሪያ ደንበኞች ቶሎ ቶሎ የሚጠይቋቸውን ያስቀድሙ፤ የቀሩት በትርፍ ጊዜ ይደርሳሉ።

የአምስት ኪሎ ተማሪ፦

መቆጣጠሪያው ይሠራል። ድራይቨሩ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስላለ፣ በዩኤስቢ ገመድ ሲሰካው ወዲያው ይታወቃል፤ በብሉቱዝ ማገናኘት ከፈለገ የ«ሼር»ንና የ«ፒኤስ»ን ቁልፎች አንድ ላይ ይዞ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ይቆይ። ገመዱ ግን ኃይል መሙያ ብቻ ሳይሆን ዳታም የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። ሱፐርታክስካርት ላይ ይሞክረው፤ በመቆጣጠሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ራሱ ይወጣለታል።